አጥንት እንደ ጎተራ

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከክፍላችን እኅቶች አንዷ ሁለት እሑድ በተከታታይ ቀረችብን። ልንጠይቃት ስንሄድ የ1 ዓመት ከ4 ወር ወንድሟን አዝላ ከሐኪም ስትመለስ አገኘናት። ሕፃኑ ገና አይቆምም፤ እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል፤ የእጆቹ አንጓም አብጧል። ሐኪሙ «ሪኬትስ ነው፣ አጥንቱ አልጠነከረም» ብሏታል። አያቷም «የሰው ዓይን እንዳይበላው፣ ምች እንዳይመታው ብዬ ከቤት አላወጣሁትም፤ ምን አጎደልሁበት?» እያሉ አለቀሱ። ለእርሳቸው የምንሰጠው መልስ ስላልነበረን ይህን ጥናት ለማዘጋጀት ተነሣን።

ብዙዎቻችን አጥንትን የምናስበው እንደ ቤት ምሰሶ ነው። አንድ ጊዜ ከተተከለ እስኪወድቅ ድረስ የማይለወጥ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አጥንት ደም የሚመላለስበት፣ ዘወትር የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፤ ከኋላቸው እየተከተሉ አዲሱን የሚገነቡ ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት ናቸው። በጎልማሳ ሰው ዘንድ ከጠቅላላው አጥንት ከመቶ 10 ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል።

በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 1 ኪሎ ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። ከዚህም ከመቶ 99 እጁ በአጥንትና በጥርስ ተከማችቷል፤ የቀረው አንድ እጅ በደምና በሌላው ሥጋችን ውስጥ ነው። ታዲያ ሰውነታችን ይበልጥ የሚጨነቀው ለየትኛው ይመስላችኋል? ለዚያች ለጥቂቷ ነው። ያለ እርሷ ልብ በሥርዓት አይመታም፣ ጡንቻ አይታዘዝም፣ ከቁስል የሚፈስ ደም አይረጋም። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲያንስ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ እጅ ይኮማተራል፣ ሲብስም ሰውነትን ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ አጥንት ምሰሶ ብቻ ሳይሆን ጎተራም ነው። የዕለቱ ቀለብ ሲጎድል ከእርሱ ይወጣል።

የጎተራው ቁልፍ ያለው በአራት ትንንሽ ዕጢዎች እጅ ነው። አንገታችን ላይ፣ እንቅርት ከሚወጣበት ዕጢ ጀርባ ተለጥፈው የሚገኙ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ያህል ናቸው። በሰው ላይ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1880 በጽሑፍ ያስታወቀው ኢቫር ሳንድስትሮም የተባለ የስዊድን የሕክምና ተማሪ ነው። (ተማሪ እንደ ነበረ ልብ በሉልን!) ጥቅማቸው ግን በዚያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። እንቅርት የሚያወጡ ሐኪሞች ሳያውቁ እነርሱንም አብረው ያወጧቸው ስለነበር፣ በሽተኞቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እየተኮማተሩ ይሠቃዩ፣ አንዳንዶቹም ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ዊልያም ማካለምና ካርል ፎግትሊን ዕጢዎቹ ለወጡባቸው ውሾች ካልሲየም ሲሰጡ መኮማተሩ እንደሚቆም አሳዩ። ዛሬ እንቅርት የሚያወጣ ሐኪም እነዚህን ዕጢዎች ላለመንካት ይጠነቀቃል።

ሥራቸውም እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ጥቂት ዝቅ እንዳለ ዕጢዎቹ ወዲያው ያውቃሉ፤ ሆርሞን የተባለውን መልእክተኛ ይልካሉ። መልእክተኛው ወደ አጥንት ደርሶ ከጎተራው ያስወጣል፤ ኩላሊትም ካልሲየሙን በሽንት እንዳያባክን ይከለክላል። ከዚህም በላይ ኩላሊቱ ቪታሚን ዲን ለሥራ ብቁ ወደ ሆነው ዓይነት እንዲለውጠው ያደርጋል። በዚህ ቪታሚን ነው አንጀት ከምንበላው ምግብ ካልሲየምን በደንብ የሚስበው። የደሙ ሲሟላ መልእክቱ ይቀንሳል።

እንግዲህ የእማማ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። ቪታሚን ዲ በአብዛኛው የሚሠራው የፀሐይ ብርሃን ቆዳችንን ሲነካ ነው። በመስኮት መስተዋት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ለዚህ አይጠቅምም፤ ጥቁር ቆዳም ከነጭ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ የሚገኘውም ጥቂት ነው። ሕፃኑ ፀሐይ ካላየ አንጀቱ ካልሲየሙን በደንብ አይስብም፤ ዕጢዎቹ ግን ለደሙ ከአጥንቱ ማውጣት አይተዉም። የደሙ መጠን ደህና ሆኖ ሳለ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ መቆም በጀመረ ጊዜም እግሩ ይጎብጣል። የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት በምትባለው አገራችን ይህ በሽታ መገኘቱ ያሳዝናል።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። በጾም ወራት ወተትና አይብ ስለሚቀሩ ካልሲየሙ ከየት ይምጣ? ጤፍ ከስንዴ ይልቅ ብዙ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ መቡካቱም አንጀት እንዲቀበለው ያግዛል። ከነገለባው የሚወቀጥ ሰሊጥ እጅግ ባለጠጋ ነው፤ ተልባም ይጠቅማል። ጎመን ጥሩ ነው። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ስላለበት፣ ለዚህ ጉዳይ ጎመንን አይተካም። ለሚያጠቡ እናቶች ጉዳዩ ከበድ ስለሚል ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል። ቪታሚኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ግን አደጋ አለው፤ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል።

እኛ ወጣቶችስ? ጎተራው የሚሞላው በእኛ ዕድሜ ነው። በጉርምስና ጊዜ በቀን 1300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ግን የነበረውን ከመጠበቅ በቀር ብዙ አይጨመርም። እናቶቻችን የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል። በእግር መሄድ፣ መሮጥና ሸክም ማንሣት አጥንትን ያጠነክራል፤ ቁጭ ብሎ መዋል ያሳሳዋል።

ሕፃኑ ሐኪሙ ያዘዘለትን ቪታሚን ዲ ወሰደ፤ በየቀኑም ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። ከፋሲካ በኋላ ስንጠይቀው ደጁ ላይ በርጩማ ተደግፎ ቆሞ አገኘነው። አያቱ የነጠላቸውን ጫፍ ራሱ ላይ ጣል አድርገውበታል። «እግሩን ይሙቀው እንጂ ራሱን እንዳይመታው» አሉን። በዚህስ አልተከራከርናቸውም።