የሐይቅ ዳር ውበትና የጐብኝዎች ብዛት

ባለፈው በጋ ከአባቴ ጋራ ከብት ልናጠጣ ወደ ጣና ዳር ወረድን። በልጅነታቸው ለታንኳ ደንገል ያጭዱበት የነበረውን ስፍራ እምቦጭ ሸፍኖት አገኙትና፣ «ይህን ማን አመጣብን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ገዳማቱንና ውኃውን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ገበያ ያመጣል፤ ነገር ግን ያለ ሥርዓት ሲበዛ ውኃ ዳርን በሦስት መንገድ ይጐዳል። አንደኛ፤ ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲባል ደንገሉ ይመነጠራል፤ ደንገል ግን ደለልን የሚያስቀር የተፈጥሮ ወንፊት ነው። ሁለተኛ፤ ያልተጣራ ፍሳሽ ለአረም ምግብ ይሆናል። ሦስተኛ፤ የተጣለውን ላስቲክ ዓሣና ወፍ እየዋጡ ይሞታሉ።

በሌላም አገር ይህ ደርሷል። ፊሊፒንስ ቦራካይ የተባለችውን ደሴት በፍሳሽ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ለስድስት ወር ለጐብኝዎች ዘጋች። ታይላንድም ማያ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ በዚያው ዓመት ዘግታ፣ ተፈጥሮው ሲያገግም በ2022 ከፈተችው።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ሲሆን፣ በጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሚያፋፋው ግን የከተማና የሆቴል ፍሳሽ ብቻ አይደለም፤ ከፎገራ የሩዝ ማሳችን በርብና በጉማራ ወንዞች ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያም ጭምር ነው።

ስለዚህ ለአባቴ፣ «እንግዳውም፣ ከተሜውም፣ እኛም ነን» ብዬ መለስኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው የማሳችንን ዳር ሣር አናርሰውም» አሉኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፤ ጐብኝ ይምጣልን፤ ፍሳሹ ይጣራ፤ ደንገሉ ይተከል። ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ግን ከየማሳችን እንጀምር።