የጉል ራስ ስለሚባለው ኮከብ

ከሰማይ ከዋክብት መካከል ስማቸው ሰውን የሚያስፈራ አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ አልጎል ነው። ስሙ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የጉል ራስ ማለት ነው፤ ጉልም በዓረቦች ተረት ሰው የሚበላ ጋኔን ነው። ግሪኮችም ይህን ኮከብ ጀግናው ፔርሴዎስ ቆርጦ በእጁ የያዘው የሜዱሳ ራስ ነው ይሉ ነበር።

አልጎል ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይበራም። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ብርሃኑ እየደከመ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም ተመልሶ ይበራል። መድከሙና መመለሱ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ይህን ጊዜ ለክቶ ምክንያቱን የመረመረው በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የነበረ ጆን ጉድሪክ የሚባል ወጣት ነው። ጉድሪክ በሕፃንነቱ ታሞ መስማት የተሳነው ነበር፤ ነገር ግን ቤተ ሰቦቹ ትምህርት አልከለከሉትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1782 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እየጠበቀ ኮከቡ የሚደክምበትን ሰዓት ይጽፍ ነበር። በ1783 ዓ.ም. ዕድሜው ገና 18 ዓመት ሳለ ያገኘውን ለለንደን የሊቃውንት ማኅበር አስታወቀ። ምክንያቱም ወይ ጨለማ አካል በኮከቡ ዙሪያ እየዞረ ስለሚጋርደው፥ ወይም በኮከቡ ፊት ላይ ጥቁር ነቍጥ ስላለ ይሆናል አለ። ማኅበሩም በዚያው ዓመት ሜዳልያ ሸለመው። በ1786 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ ሞተ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1889 ዓ.ም. ፎግል የተባለው የጀርመን ሊቅ የኮከቡን ብርሃን ከፍሎ በመመርመር የመጀመሪያው አሳብ እውነት መሆኑን አስረዳ። አልጎል አንድ መስሎ የሚታይ ሦስት ኮከብ ነው፤ ከእነርሱም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲዞሩ ደብዛዛው በብሩሁ ፊት ያልፋል። እንግዲህ ጨረቃ ፀሐይን እንደምትጋርድ ያለ ነገር እንጂ የጋኔን ሥራ አይደለም።

አልጎል በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሰባቱ ከዋክብት በስተ ሰሜን ይታያል። መምህሩ ነገሩን ለማስረዳት በጨለማ ቤት ኩራዝ አብርቶ አንዱን ልጅ ቅል አስይዞ በዙሪያው ያዙረው፤ ቅሉ በመብራቱ ፊት ባለፈ ቍጥር ብርሃኑ ሲቀንስ ተማሮች ያያሉ።

በመንደሩ መስማት የተሳነው ልጅ ቢኖር ወላጆቹ አይማርም ብለው በቤት አያስቀሩት። ሰዎች ለብዙ ዘመን የፈሩትን ኮከብ ምሥጢር የገለጠው እንደ እርሱ ያለ ልጅ ነውና።