ቅጠል የወደቀበት ውሃና ባክቴሪያ

በአይከልና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የባህር ዛፍና የዋንዛ ቅጠል በበጋው ነፋስ ረግፎ በኩሬ ዳር፣ በጣሪያና በአሸንዳ ላይ ይከማቻል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ያን ሁሉ ጠርጎ ወደ መጠጥ ውሃው ያስገባዋል። «ቅጠል ምን ይጎዳል?» የሚል አርሶ አደር ብዙ ነው።

ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሻይ ይዘፈዘፋል። ስኳርና ሌሎች የሚሟሙ ነገሮች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለቃሉ፤ ውሃው የሚጠቁረውም በዚህ ነው። ይህ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ባክቴሪያው እየበላ ሲባዛ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውሃውም ይሸታል።

ቅጠል የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ በአብዛኛው በሽታ አያመጣም። ተቅማጥ የሚያመጣው ከሰው ዓይነ ምድርና ከእበት የሚገባው ነው፤ እሱም ከቅጠሉ ጋር በአንድ ጎርፍ ይመጣል። ዋናው ጉዳት ግን ክሎሪን ላይ ነው። ክሎሪን ተህዋሲውን ከቅጠል ጭማቂ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። ስለዚህ በጠቆረ ውሃ ላይ «ውሃ አጋር» ሲጨመር መድኃኒቱ በቅጠሉ ጭማቂ ላይ ያልቅና የተቅማጡ ተህዋሲ በሕይወት ይቀራል። እናት «መድኃኒት ጨምሬበታለሁ» ብላ ታጠጣለች፣ ልጁ ግን ይታመማል።

ይህን ለማየት ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ከአንድ ምንጭ በተቀዳ ውሃ ይሙሉ። በአንዱ አንድ እፍኝ የደረቀ ቅጠል ይጨምሩ። ሁለቱንም ከድነው ጥላ ሥር ያቆዩና በሦስተኛው ቀን ቀለሙንና ሽታውን ያነጻጽሩ። ቅጠል የገባበትን ማንም እንዳይጠጣው!

ቅጠሉ ከዝናብ በፊት፣ በግንቦት፣ ከኩሬ ዳርና ከአሸንዳ ተጠርጎ ይወሰድ። የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅም ሰው የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ሮቶው አያስገባ፤ የሮቶውንም አፍ በወንፊት ይሸፍን። የተጠረገው ለኮምፖስት ይሆናል፤ የባህር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ከእበት ጋር ይቀላቀል።

ቅጠል ይጎዳል ተብሎ ከኩሬው በላይ ያለው ዛፍና ሣር እንዳይመነጠር። የተራቆተ ተዳፋት የሚያመጣው ደለል የባሰ ነው፤ ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱን ብዙዎቻችን እናውቃለን። አዲስ ባህር ዛፍ የሚተክል ግን ከኩሬው ራቅ ያድርግ።

ቤት የደረሰውን ውሃ በንጹሕ በታጠፈ ጨርቅ ያጥልሉ፤ ከዚያ ውሃ አጋሩን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ተጠልሎም ከጠቆረ በክሎሪን ብቻ አይተማመኑ፤ ያፍሉት። አይከል ከባህር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ስለምታልፍ ውሃ እዚህ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።