ናኖቱቦ በሚበሰብስ ፕላስቲክ ውስጥ

አስቀድመን የምናጠናክረውን እንወቅ። ፖሊላክቲክ አሲድ ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ተብላልቶ ከሚገኝ ላክቲክ አሲድ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ጉልበቱ አይናቅም፤ ሲጎተት 50 ወይም 60 ሜጋፓስካል ይችላል። ድክመቱ ሳይለጠጥ ድንገት መሰበሩ፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይም መለስለሱ ነው።

የካርቦን ናኖቱቦ ደግሞ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ተጠቅልሎ ቱቦ የሆነ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ ዓለም ትኩረቱን ጣለበት። ግትርነቱ ወደ 1,000 ጊጋፓስካል ይደርሳል፤ የፕላስቲኩ 3 ወይም 4 ነው።

እንግዲህ ብርቱው ከደካማው ጋር ሲደባለቅ ውጤቱ ብርቱ ይሆናል የሚል ይኖራል። አይሆንም። ሸክም የሚተላለፈው ሁለቱ በሚነካኩበት ገጽ ነው። ፕላስቲኩ ቱቦውን አጥብቆ ካልያዘው፣ ቱቦው ምንም ሳይሸከም ተንሸራቶ ይወጣል። ጭቃ የሚያቦካ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጭዱ ተበትኖ ካልተረገጠ፣ ተጠቅልሎ የቀረበት ቦታ ግድግዳው የሚሰነጠቅበት ይሆናል።

ናኖቱቦም መጠቅለል ይወዳል። ለክብደቱ የገጹ ስፋት እጅግ ብዙ ስለሆነ በቫን ደር ዋልስ መሳሳብ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ በፈሳሽ ውስጥ በአልትራሳውንድ ይበትኑታል፤ ወይም ከቀለጠው ፕላስቲክ ጋር ባለ ሁለት ብሎን ማሽን ውስጥ ያሹታል። ፕላስቲኩ እንዲይዘውም ገጹን በአሲድ አክመው የካርቦክሲል ቡድን ይተክሉበታል። ይህ በልክ ነው፤ አሲዱ ከበረታ ቱቦውን ይቆራርጠዋል። የሚጨመረው የናኖቱቦ መጠንም ብዙ ጊዜ ከድብልቁ ክብደት 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሲያበዙት ተመልሶ ይጠቀለላል።

ታዲያ ድብልቁ ይበሰብሳል ወይ? ፕላስቲኩ አዎ። ውኃ ሰንሰለቱን ይቆርጣል፣ ቁርጥራጩን ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ይህም 58 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኮምፖስት ማብላያ ነው እንጂ ጓሮ ቢጥሉት ቶሎ አይጠፋም። ቱቦው ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት የነጭ የደም ሴል ኤንዛይም ባለ አንድ ግድግዳውን ናኖቱቦ ሊያፈርስ እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2008 ግን ረጃጅሞቹ ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦዎች በአይጦች የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ እንደ አስቤስቶስ ያለ ብግነት ማስነሣታቸው ታይቶ ነበር።

ስለዚህ ለገበያ ከረጢት ናኖቱቦ መጨመር ትርፉ አይታየኝም። ለአጥንት ማያያዣ ብሎን ሲታሰብም መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ፕላስቲኩ በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ሲያልቅ ቱቦዎቹ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነው።