ልጅ በመንገድ ሲጠይቅ፤ ከሐርጌሳ የተጻፈ የቤተ ሰብ ትምህርት



ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ስለ ቤት ውስጥ ነው። ስለ ምግባቸው፥ ስለ ልብሳቸውና ስለ ትምህርታቸው እንጨነቃለን። ሕፃናትን ይዞ ከቤት መውጣትን ግን ብዙዎቻችን እንደ ሥራ ፈትነት እንቈጥረዋለን፤ ወደ ገበያ ስናስከትላቸውም ቤት የሚያቆያቸው ሰው ስለ ታጣ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ታላላቅ ጥያቄዎቹን የሚጠይቀው በመንገድ ላይ ነው። በቤት ያለውን ሁሉ ለምዶታልና ዝም ይላል፤ ከደጅ ሲወጣ ግን ዐይኑ ያየውን ሁሉ አፉ ይጠይቃል። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ልናስረዳ የምንወደው፥ ወላጅ በመንገድ ላይ ለልጁ የሚሰጠው መልስ ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባው ነው። ይህንንም እኛው ራሳችን በሠራነው ስሕተት እንገልጠዋለን።

እኛ ከደጋው አገር መጥተን በሐርጌሳ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ሁለት ሕፃናት አሉን፤ ወንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፥ ሴቲቱ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ሐርጌሳ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ ኬላ ለሚያልፍ መንገደኛ ከኬላው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት እንደ በርበራ ወደብ አትግልም፤ ይሁን እንጂ ደጋ ለለመደ ሰው የቀትሩ ፀሐይ ይከብደዋል። ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናም ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላል። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ልጆቻችን በአሸዋው ላይ እንዲጫወቱ አንፈቅድም።

በዚህ ከተማ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ጧት ጎረቤታችን ለሖሕ ትልክልናለች፤ ይኸውም ከእንጀራችን አነስ ያለች ዐይናማ ቂጣ ናት፤ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ከሻይ ጋር ትበላለች። በስድስት ሰዓት ገደማ ሕዝቡ ወደ ጸሎት ስለሚሄድ ሱቆች ይዘጋሉ። ስለዚህ ከልጆቻችን ጋር የምንወጣው ወይም በማለዳ ነው፥ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ነው። ውሃ በኮዳ እንይዛለን፤ ለሁለቱም ባርኔጣ እናደርጋለን። ሩቅ እንሄዳለን ብለን አንነሣም፤ የምንሄድበት ርቀት የሚለካው በታናሺቱ እግር ነውና።

ስለ መንገድ አሻጋገርም አንድ ነገር እንጨምር። በሐርጌሳ ተሽከርካሪ የሚሄደው እንደ አገራችን በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መኪናዎቹ ግን ብዙዎቹ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠሩ ናቸውና መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። በዚህም ምክንያት የተሳፋሪው በር ወደ መንገዱ መሀል የሚከፈትባቸው አሉ። ልጅን አስቀድሞ ማውረድ አደጋ ስለሆነ፥ ከእኛ አንዱ አስቀድሞ ወርዶ ዙሪያውን ካየ በኋላ ሕፃናቱን ይቀበላል። ልጃችን ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ጠየቀን፤ እኛም የመሪውንና የበሩን ነገር አሳየነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይታዘዝ ይጠብቃል። ምክንያቱ የተነገረው ልጅ «ተው» ከተባለው ልጅ ይልቅ ይጠነቀቃል።

ልጆቻችን ከሁሉ የሚወዱት የከብት ገበያውን ነው። በዚያ ግመል፥ ፍየልና ራሱ ጥቁር የሆነው ነጭ በግ በብዛት ይሸጣል፤ ከዚያ የሚገዛው ከብት ብዙው በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሻገራል፤ በተለይም የሐጅ ጊዜ ሲቃረብ ገበያው ይደምቃል። አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች እጃቸውን በሽርጥ ሸፍነው ሲጨባበጡ ልጃችን አየ። «አባዬ፥ ለምን እጃቸውን ይደብቃሉ?» አለ። ዋጋ እየተነጋገሩ ነው፤ ቍጥሩን በጣት ይነጋገራሉ፥ በዙሪያው የቆመ ሰው እንዳይሰማ በጨርቅ ይሸፍኑታል ብለን አስረዳነው። የሚያገበያያቸውም ሰው በሶማልኛ ዲላል እንደሚባልና ይህም የእኛ ደላላ መሆኑን ነገርነው። ማታ ከእኅቱ ጋር ነጠላ ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠጠር ሲሻሻጡ አገኘናቸው። በዚያ ቀን መልካም አስተማሪዎች የሆንን መሰለን። ነገር ግን የተጠየቅነው ቀላል ነገር ነበር።

በከተማይቱ መካከል ኸይሪያዳ በሚባለው አደባባይ አንድ የጦር አውሮፕላን በከፍተኛ መሠረት ላይ ቆሟል። ሚግ 17 የሚባለው ዓይነት ነው፤ በመሠረቱም ላይ የጦርነቱ ሥዕሎች ይታያሉ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያ ስናልፍ ልጃችን ቆመና፥ «እማዬ፥ አውሮፕላኑ ለምን እዚህ ተሰቀለ?» ሲል ጠየቀ። እኛም ሁለታችን ተያየን። ታሪኩን እናውቀዋለን። ነገር ግን ቀኑ የደስታ ቀን ነበር፥ ልጁም ሕፃን ነው፤ ስለዚህ «ለከተማው ጌጥ ነው» ብለን እጁን ይዘን አለፍን። እርሱም አመነን።

ሳምንቱን ሙሉ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ በግቢው ሲሮጥና እንደ አውሮፕላን ሲጮኽ ሰነበተ። በአጠገባችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ልጆቻችን እንደ አገሩ ልማድ «ኤዶ» ብለው ይጠሯቸዋል፥ ይኸውም የአባት እኅት ማለት ነው። ልጃችን ወደ እርሳቸው ሮጦ ስለ ጌጡ አውሮፕላን ነገራቸው። እርሳቸውም የሻያቸውን ብርጭቆ አስቀምጠው ራሱን ዳበሱት እንጂ ምንም አልመለሱለትም። ሲመሽ ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወደ እኛ መጡ። በስደት ዘመናቸው የለመዱትን አማርኛ ከሶማልኛ ጋር እያደባለቁ፥ በዚያ ዓመት ታላቁ ልጃቸው በዚህ ልጅ ዕድሜ እንደ ነበረ፥ ታናሹንም አዝለው ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ እንደ ተጓዙ ነገሩን። አልተቈጡንም። ነገር ግን የልጅ ልጆቻቸው ታሪኩን ሁሉ እንደሚያውቁ፥ ልጃችን ከእነርሱ ጋር ሲጫወት ያንን ነገር ጌጥ ብሎ ቢጠራው እንደሚጣሉት አስጠነቀቁን። ይህን ብለው «ደኅና እደሩ» ብለው ወጡ። እኛም በዚያች ሌሊት ብዙ አልተኛንም።

አንባቢዎች የነገሩን ክብደት እንዲያስተውሉ ታሪኩን በአጭሩ እናስታውሳለን፤ ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ1988 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ሐርጌሳ በገቡ ጊዜ፥ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ቦምብ ይጥሉባት ነበር። የከተማይቱ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። በጅግጅጋ አውራጃ ሐርትሼክ በተባለው ሜዳ የተተከለው የስደተኞች ሰፈር በዚያ ዘመን በዓለም ከታወቁት ትልልቅ ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ሜዳው ውሃ አልነበረውምና ውሃ በቦቴ መኪና ከሩቅ ይመጣለት ነበር። ኢትዮጵያም ራሷ በዚያን ጊዜ በጦርነትና በችግር ላይ ነበረች። ሕዝቡ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ፍርስራሹ ተመልሶ ቤቱን እንደ ገና ሠራ፤ የሐርትሼክ ሰፈርም በ2004 ዓ.ም. ተዘጋ።

በሚቀጥለው ዓርብ ልጃችንን ይዘን ወደ አደባባዩ ተመለስን። በመጀመሪያ፥ «ባለፈው የነገርንህ እውነት አልነበረም፤ ይቅር በለን» አልነው። ቀጥለንም በእርሱ መጠን ነገርነው። «ይህ አውሮፕላን ጌጥ አይደለም። በጦርነት ጊዜ ቤቶችን ካፈረሱት አንዱ ነው፤ ብዙ ሰዎች ሞቱ። ኤዶ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ አገር ሸሹ፤ በዚያም መጠለያና ውሃ አገኙ። ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሰው ቤታቸውን ሠሩ። ሰዎች ይህን እንዳይረሱ አውሮፕላኑን እዚህ አቆሙት» አልነው። ከዚህ የበለጠ አልጨመርንም።

ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «አውሮፕላን የሚነዱት ሁሉ ክፉ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም አይደሉም አልነው። በዚያው በ1988 ዓ.ም. አንድ አብራሪ ከተማይቱን ለመምታት እምቢ ብሎ አውሮፕላኑን ወደ ጅቡቲ ይዞ እንደ ኰበለለ ነገርነው። ልጃችን ስለ ቦምቡ ብዙ አልጠየቀም፤ ስለዚያ አብራሪ ግን እስከ ቤታችን ድረስ ሲጠይቀን ሄደ። ወደ ቤት እንደ ገባንም ያለ ማንም ትእዛዝ ወደ ኤዶ ሄዶ በአጠገባቸው ተቀመጠ። እኛ ሕፃኑ ይፈራል ብለን ፈርተን ነበር፤ በእውነቱ ግን የፈራነው እኛ ነበርን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኪና ተከራይተን ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ ወደ ላስ ጌል ሄድን። ቦታው ከከተማይቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የውጭ አገር ሰው አስቀድሞ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ይገባዋል። ላስ ጌል ማለት የግመሎች የውሃ ጕድጓድ ማለት ነው። በሁለት ደረቅ ወንዞች መገናኛ ላይ ከቆመው ኮረብታ በዋሻዎቹ ጣራና ግድግዳ ላይ ቀንዳቸው ረጅም፥ አንገታቸው በሽልማት ያጌጠ ላሞች በቀይና በነጭ ቀለም ተሥለዋል፤ ከላሞቹም በታች እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ይታያሉ። የአገሩ እረኞች ከቀድሞ ያውቁት ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት አይተው ለዓለም አስታወቁት፤ ዕድሜውንም ወደ 5 ሺህ ዓመት ገደማ ይገምቱታል። በእኛም አገር በሐረርጌ ለገ ኦዳ በተባለው ዋሻ የከብት ሥዕሎች አሉ።

ታናሺቱ «ላም! ላም!» እያለች አጨበጨበች። ልጃችን ግን፥ «ይህን የሣለው ሰው ስሙ ማን ነው?» አለ። በዚህ ጊዜ አንድ ተረት ፈጥረን ልናስደስተው እንችል ነበር። ነገር ግን ካለፈው ተምረናልና፥ «እኛ አናውቅም፤ ማንም ሰው አያውቅም፤ ስማቸውን የጻፈ አልነበረምና» አልነው። ጥቂት አሰበና፥ «ላሞቻቸውን ግን ይወዱ ነበር» አለ። እኛ ያላሰብነውን እርሱ አየው። አናውቅም ባንለው ኖሮ ራሱ አይፈልገውም ነበር።

እንግዲህ ከነዚህ መንገዶች ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፥ የምናውቀውን ለልጅ ስንደብቅ ልጁን ከኀዘን የምናድነው ይመስለናል፤ ነገር ግን ሳያውቅ የጎረቤቱን ቍስል እንዲረግጥ እናደርገዋለን። ሁለተኛ፥ እውነት በልጅ መጠን ይቈረሳል እንጂ በሐሰት አይለወጥም። ለሕፃን ትልቅ ጕርሻ እንደማንሰጠው ሁሉ፥ የጦርነትን ክፋት ሁሉ ልንዘረዝርለት አይገባም፤ ክፉው ከተነገረ በኋላም በዚያ ክፉ ቀን ውሃ ያጠጣውንና እምቢ ያለውን ሰው እንንገረው። ሦስተኛ፥ ያላወቅነውን አናውቅም እንበል። አናውቅም የሚል ወላጅ «አውቃለሁ» ባለ ጊዜ ይታመናል።

ይህ ነገር ለሐርጌሳ ነዋሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። አዲስ አበባ የምትኖሩ ወላጆች በስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ከልጆቻችሁ ጋር ታልፋላችሁ፤ እርሱም በ1937 ዓ.ም. ጣልያኖች የፈጁትን ሕዝብ የሚያስታውስ ነው። ልጃችሁ አንድ ቀን ጣቱን ቀስሮ ይጠይቃችኋል። በዚያች ቀን ታክሲ እንዳያመልጣችሁ ብላችሁ «ድንጋይ ነው» ብትሉት፥ እርሱ ያምናችኋል፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ታክሲው ሌላ ይመጣል። ልጆቻችን በአደራ የተሰጡን ናቸውና፥ ጥያቄያቸውን በመንገድ ላይ ጥለን አንሂድ።

በየቤተ ሰቡ ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በዚህ ወር ልጆቻችን በመንገድ ላይ የጠየቁን ምን ነበር? ምንስ መለስንላቸው?
2. ለልጅ በሐሰት የመለስነው ነገር አለን? ካለ እንዴት እናርመዋለን?
3. በምንኖርበት አካባቢ ያለው ሐውልት ወይም ፍርስራሽ ታሪኩ ምንድር ነው? ለስድስት ዓመት ልጅ በአምስት ዐረፍተ ነገር እንዴት ይነገራል?
4. በክፉ ዘመን ጎረቤቱን የረዳ ሰው ከዘመዶቻችን መካከል ማን ነበር? ልጆቻችንስ ስሙን ያውቃሉን?