ስለ ዘንዶ ጠባይ፥ ስለ ንክሻውና ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የእርሻ ሥራ የሚከናወነው መሬትን በማረስና ዘርን በመዝራት ብቻ አይደለም፤ አራሹና እረኛው፥ ከብቱም ጭምር በደኅና ውለው በደኅና ሲገቡ ነው እንጂ። ስለዚህ በአንድ አገር ላይ ለማስተዳደር የተሾመ ሰው፥ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ይዞ ብዙ ሠራተኛ የሚያሠራ ሰው፥ የዝናሙንና የአፈሩን ነገር እንደሚያውቅ ሁሉ በአገሩ የሚኖሩትን አራዊት ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ከነዚህም አራዊት ብዙ የሚወራለት፥ ነገር ግን ጥቂት የሚታወቅለት ዘንዶ ነው።

ባኮ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ፥ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1650 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ከጌዶ ደጋ ወርዶ ለሚመጣ መንገደኛ ሙቀቷ ወዲያው ይታወቀዋል። የጊቤ ወንዝና ገባሮቹ ያጠጡት አገሯ የበቆሎ አገር ነው፤ በብዙ ገበሬ ዘንድ የታወቀው ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዘርም ስሙን ያገኘው ከባኮ ነው፤ «ቢኤች» ማለት የባኮ ድቅል ማለት ነውና። ሙቀትና ውሃ፥ ረጅም ሣርና የእህል ማሳ በተገናኙበት ስፍራ አይጥ ይበዛል፤ አይጥ በበዛበትም ስፍራ እባብ አይጠፋም። በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ በቆላና በወንዝ ዳር ለሚኖረው ለዘንዶም እንዲህ ያለው አገር የሚስማማው ነው።

የዘንዶ ጠባይ

በኦሮምኛ እባብ ሁሉ ቦፋ ሲባል ዘንዶ ግን ለብቻው ጃዌ ይባላል። በአፍሪካ ከሚገኙት እባቦች ሁሉ በግዙፍነት የሚበልጠው እርሱ ነው። ሙሉ አካል የደረሰው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይሆናል፤ ከ5 ሜትር የሚያልፍም ይገኛል። ሴቲቱ ከ20 እስከ 100 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ከጣለችም በኋላ ዙሪያውን ተጠምጥማ እስኪፈለፈል ድረስ ትጠብቀዋለች። በዚህ ጊዜ ወደ እርስዋ የቀረበውን ሁሉ ትነክሳለችና፥ በጉድጓድ ወይም በኩይሳ ውስጥ ተጠምጥማ የተገኘችን ዘንዶ መነካካት እጅግ አደገኛ ነው።

ዘንዶ መርዝ የለውም። የሚገድለው የያዘውን በጥርሱ አጥብቆ፥ ሰውነቱን ተጠምጥሞ በማነቅ ነው። ቀድሞ የታነቀው እንስሳ የሚሞተው ትንፋሽ በማጣት ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዘንዶ ተጠምጥሞ በሚገድለው በአሜሪካው ቦአ ላይ ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ ጥምጥሙ የደሙን ዝውውር በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጠው አስረድቷል። ስለዚህ «ትንፋሽ እስካለ ድረስ ጊዜ አለ» ብሎ መዘግየት አይገባም።

በከንፈሩ ዳር ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሙቀትን ለይተው ያውቃሉ። በጨለማ ቢሆንም እንኳ ሙቀት ያለውን ሥጋ አነጣጥሮ የሚመታው በእነርሱ ርዳታ ነው። እንግዲህ ፍየል ወይም ዶሮ የነካ እጅ ወደ ዘንዶ ቢዘረጋ፥ ሽታውም ሙቀቱም የምግብ ስለ ሆነ፥ ዘንዶው እጁን ከፍየሉ አይለየውም።

«መርዝ የለውም» የሚለው ቃል ስለሚያመጣው ስሕተት

ይህ ቃል እውነት ነው። ዳሩ ግን በሁለት መንገድ ሰውን ይጎዳል። በመጀመሪያ፥ መርዝ የለውም ሲባል የሰማ ሰው ጉዳት የለውም የተባለ መስሎት ልጆቹን ያቀርባል። ሁለተኛም፥ እፉኝት የነከሰው ሰው የነከሰኝ የዘንዶ ግልገል ነው ብሎ ርዳታውን ችላ ይላል። ከሁለቱም የኋለኛው ይብሳል፤ የዘንዶ ግልገልና እፉኝት ሁለቱም መልካቸው ዝንጕርጕር ስለ ሆነ በሣር ውስጥ በችኮላ ለሚያይ ሰው ይመሳሰላሉና።

እፉኝት ሰውነቱ አጭርና ወፍራም ነው፤ ራሱ ሰፊ፥ አንገቱ ቀጭን ነው፤ በጀርባውም ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት ተደርድሮ ይታያል። ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ተኝቶ እፍ እያለ ይቆያል፤ ስለዚህም ባዶ እግሩን የሚሄድ እረኛ ሳያየው ይረግጠዋል። እርሱ የነከሰው ስፍራ ወዲያው ያብጣል፥ ሕመሙም ይበረታል። የጥርስ ምልክትን አይቶ መፍረድም አይበቃም፤ የዘንዶ ጥርስ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ በደጋን ቅርጽ፥ የእፉኝት ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ይተዋል ቢባልም፥ ምልክቱ በእብጠትና በደም ይጠፋልና። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ይሁን፤ የነከሰው እባብ ዘንዶ መሆኑ በእርግጥ ካልታወቀ፥ መርዘኛ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ይረዳ።

ዘንዶ በነከሰ ጊዜ የሚደረግ ርዳታ

የዘንዶ ንክሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፈርቶ ራሱን ለመከላከል የሚነክሰው ሲሆን፥ ነክሶ ወዲያው ይለቅቃል። ሁለተኛው ለመብላት የሚነክሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ አይለቅቅም፥ ይጠመጠማል እንጂ። ርዳታውም እንደ ንክሻው ነው።

1ኛ፤ ነክሶ ከለቀቀ ሰውዬው ቀስ ብሎ ይራቅ። እባቡን ተከትሎ መምታት ሁለተኛ ንክሻ ያመጣል።

2ኛ፤ ነክሶ ከያዘ እጅን በኃይል መንጠቅ አይገባም። ጥርሶቹ ሁሉ ወደ ውስጥ የተቀለበሱ ናቸውና፥ መንጠቅ ሥጋውን ይቀድደዋል፥ ጥርሱንም በቁስሉ ውስጥ ሰብሮ ያስቀረዋል። አንድ ሰው ራሱን ከኋላው ይደግፍ፤ ሌላው ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ላይ ያፍስስ። በውሃው ካልለቀቀ በአፉ ውስጥ ጥቂት አረቄ ጠብ ይደረግለት፤ ይህን ዘንዶ በሚጠብቁ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። እሳት ማስጠጋትና በጩቤ መፈልቀቅ ግን የተነከሰውንም ረዳቱንም ይጎዳል።

3ኛ፤ ከተጠመጠመ ጥምጥሙ የሚፈታው ከጅራቱ በኩል ነው፤ ጅራቱ ከመካከለኛው ሰውነቱ ይልቅ ኃይሉ አነስተኛ ነውና። ከሁሉ አስቀድሞ አንገትንና ደረትን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ረዳቶቹ ብዙ ይሁኑ፤ አንዱ ራሱን፥ ሌሎቹ ሰውነቱን ይያዙ። ነፍስ የሚያሰጋ ሲሆን ግን የሰው ሕይወት ይቀድማልና፥ እባቡን ስለ ማዳን መጨነቅ አይገባም።

4ኛ፤ ከተለቀቀ በኋላ ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። ቡና፥ አመድ፥ ቅቤ ወይም እበት በቁስል ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ መንጋጋ ቆልፍ የተባለው በሽታ ዘሩ በአፈርና በእበት ውስጥ ይገኛልና። የተሰበረ ጥርስ ከቁስሉ ላይ ከታየ በንጹሕ መቆንጠጫ ይነቀል፤ ጠልቆ እንደ ሆነ ለሐኪም ይተው።

5ኛ፤ የተነከሰው ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢሆን እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፥ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቅ። በእባብ አፍ ውስጥ ብዙ ተሐዋስያን አሉና፥ በሚቀጥሉት ቀናት ቁስሉ ቢቀላ፥ ቢያብጥ፥ መግል ቢይዝ፥ ወይም ትኩሳት ቢነሣ ሳይዘገዩ መመለስ ያስፈልጋል። የእጅና የፊት ንክሻ ይልቁንም መታየት አለበት።

የነከሰው መርዘኛ መሆኑ ሲጠረጠር

በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ተጋድሞ ይረፍ። ቀለበትና አምባር ከእብጠቱ በፊት ይውለቅ። የተነከሰው እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፤ ሰውዬውም በእግሩ ሳይሄድ በቃሬዛ ወይም በመኪና ይወሰድ። በምላጭ መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ በገመድ ማሠር፥ አረቄ ማጠጣት፥ እነዚህ ሁሉ ሲጎዱ እንጂ ሲጠቅሙ አልታዩም። እባቡንም ለማሳየት ብሎ ማሳደድ አያስፈልግም፤ ያየው ሰው መልኩን ቢናገር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ጋራ ቈጥሮታል፤ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ መርዝ እንደሚሞቱም ይገምታል። ከነዚህም የሚበዙት በገጠር የሚኖሩ አራሾች፥ እረኞችና ልጆች ናቸው።

ዘንዶን ይዞ ስለ ማኖር

በአንዳንድ ስፍራ ወደ ቤት የገባ እባብ ገድ ነው ተብሎ ወተት ይቀመጥለታል። ነገር ግን እባብ ሥጋ በሊታ ነው እንጂ ወተት ፈልጎ አይመጣም፤ የሚመጣው በጎተራው ሥር አይጥ ስላገኘ ነው። ሌላውም ሰው ግልገሉን ይዞ ያሳድጋል፥ ለመንገደኛም ያሳያል። ሲፈለፈል ከክንድ ብዙ የማይበልጠው ግልገል ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰው የሚያንቅ ይሆናል፤ እንደ ውሻም አሳዳጊውን ወድዶ አይታዘዝም።

ይህን በውጭ አገር የደረሰው ያስረዳል። በእንግሊዝ አገር በሐምፕሻየር፥ በ2009 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ከትንሽነቱ ጀምሮ ዘንዶ ያሳደገ አንድ ሰው በቤቱ ሞቶ ተገኘ፤ ነገሩን የመረመረው ባለሥልጣንም በመታፈን መሞቱንና ለሞቱ ምክንያት የሆነው ዘንዶው መሆኑን ወሰነ። ያ ዘንዶ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። እንዲሁም በካናዳ በካምቤልተን ከተማ፥ በ2005 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ ከሚጠበቅበት ስፍራ በአየር መተላለፊያ በኩል ያመለጠ አንድ ዘንዶ ሁለት ወንድማማች ልጆችን በተኙበት ገደለ። ሁለቱንም የገደለው በኢትዮጵያ ከሚገኘው ጋራ አንድ ወገን የሆነው የአፍሪካ ዘንዶ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ወይም ለጥበቃ ሲባል ዘንዶ በሚጠበቅበት ስፍራ ሁሉ፥ ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጠውን አንድ ሰው ብቻውን አይንካው፤ ሁለተኛ ሰው በአጠገቡ ይኑር። ምግቡ በእጅ አይሰጠው፥ በረጅም መቆንጠጫ ይሁን እንጂ። ቆዳውን ሊገፍፍ ሲል ዓይኑ ስለሚደበዝዝ ቶሎ ይቆጣል፥ በዚያም ጊዜ አይነካ። በአንገት ላይ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ቤቱም በቁልፍ ይዘጋ። የነካውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ዘንዶ ለእርሻ ስለሚሰጠው ጥቅም

ከላይ ስለ ተነገረው አደጋ ብሎ ዘንዶን በተገኘበት መግደል ትክክለኛ አይደለም። ዘንዶ አይጥንና ጃርትን፥ ዝንጀሮንና ጦጣን ይበላል፤ እነዚህም በቆሎውን በማሳ ሳለና በጎተራ ከገባ በኋላ የሚያጠፉት ናቸው። በሌላውም በኩል የአገሩ ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንና ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. የገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የዘንዶን ወገን ሁሉና የቆዳውን ንግድ በቁጥጥር ሥር አድርጎታል።

አስተዳዳሪዎችና ባለእርሻዎች ሊያደርጉት የሚገባ

አደጋው ከመድረሱ በፊት ማድረግ የሚቻለው ብዙ ነው። በመኖሪያ ቤትና በውሃ መቅጃ ዙሪያ ያለው ሣርና ቍጥቋጦ ይመንጠር። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራ፥ አይጥ ከቤቱ ሲርቅ እባቡም ይርቃልና። ግልገልና ጠቦት ከመሸ በኋላ በተዘጋ በረት ይደር። በአጨዳ ጊዜ ሠራተኛው ጫማ ያድርግ፥ የበቆሎውን ክምር ሲያነሣም አስቀድሞ በዱላ ይነካካ። በሌሊትም ያለ መብራት አይሂድ። እረኞችም ዘንዶ ባዩ ጊዜ ድንጋይ ከመወርወር ይልቅ ከብቱን ይዘው እንዲርቁና ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ይማሩ።

የወረዳ ሹም ደግሞ የእባብ መርዝ ማርከሻ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚገኝ ከክረምት በፊት ጠይቆ ይወቅ፤ በየጤና ጣቢያው ሁሉ አይገኝምና። የሚያደርሰው መኪናና ቃሬዛው የት እንዳለ በየቀበሌው እንዲታወቅ ያድርግ። በመንደር አጠገብ የከረመ ዘንዶ ሲኖርም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ያስታውቅ፥ ሕዝቡ ራሱ ሊይዘው እንዳይነሣም ያስጠንቅቅ።

በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ከሕዝቡ ግብር ይቀበል እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ዘንዶ በሰው ላይ አይነግሥም። ነገር ግን ባለማወቅ የእረኛ ልጅ ሲሞት፥ ወይም በእበት የተቀባ ትንሽ ቁስል የአንድን አራሽ ነፍስ ሲያጠፋ፥ ያ ግብር እስከ ዛሬ እንደሚከፈል ይቈጠራል። ይህንም ግብር ለማስቀረት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሳሙናና ንጹሕ ውሃ፥ ጫማና ቃሬዛ፥ ከሁሉም ይልቅ አስቀድሞ የተነገረ ምክር ነው።