የማይገደብ መብት አለ ወይ?

«ፍጹም የሆነ ሰብዓዊ መብት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «መብት ከሆነማ ፍጹም ነው» ይላል፤ ሌላው «ገደብ የሌለው ነገር የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል። መልሱ «አዎ፣ ግን በጣም ጥቂት» የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ እያልን እንየው።

ከቀላሉ እንጀምር። ሐሳባችንን የመግለጽ መብት አለን፤ የሰው ስም በሐሰት የማጥፋት መብት ግን የለንም። መሰብሰብና መዘዋወርም እንዲሁ በሕግ ሊገደቡ ይችላሉ። አብዛኞቹ መብቶቻችን ከዚህ ወገን ናቸው።

ሕይወትስ? ከሕይወት የሚበልጥ ምን አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ይህኛው ፍጹም ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 ግን በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል የሞት ቅጣት እንዲፈጸም በር ይተዋል። ሊገድለው የመጣን ሰው ሲከላከል የገደለም በሕግ ነፃ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል፤ አንድ መብት ፍጹም የሚባለው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም።

አሁን ወደ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንለፍ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንቀጽ 93 የውጭ ወረራ፣ የሕግና ሥርዓት መፍረስ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲደርስ መንግሥት አንዳንድ መብቶችን እንዲያግድ ይፈቅዳል። በዚያም ጊዜ ቢሆን የማይነኩትን ግን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። አንቀጽ 1 የመንግሥቱ ስያሜ ነው። የሕይወት መብት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የአገሪቱ ስያሜ ግን አለ። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ የማይዋጥ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን እንኳ የሕይወትን መብት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ከማይታገዱት ጋር ነው የመደበው።

ታዲያ በአስቸኳይ ጊዜ የማይታገድ ሁሉ ፍጹም ነው? አይደለም። በዚያው ቃል ኪዳን የእምነት ነፃነት አይታገድም። ሆኖም ሰው በልቡ የሚያምነውን ማንም ሊነካበት ባይችልም፣ እምነቱን በአደባባይ የሚገልጽበት መንገድ ለሕዝብ ጤና ወይም ደኅንነት ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል። የእኛው አንቀጽ 18ም ቢሆን የግዴታ ሥራን ከከለከለ በኋላ የእስረኞችን ሥራ፣ ሕሊናው ውትድርናን የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠውን አገልግሎትና በአደጋ ጊዜ የሚሰጥ አገልግሎትን ከክልከላው ያወጣል። ያው አንቀጽ ስለ ጭካኔና ኢሰብዓዊ አያያዝ እንዲሁም ስለ ባርነት ሲናገር ግን አንድም ልዩ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ፍጹም የምንለውን እዚህ አገኘነው። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ስምምነት፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው፣ ጦርነትም ሆነ የፖለቲካ አለመረጋጋት ወይም ሌላ አስቸኳይ ሁኔታ ሰውን ለማሰቃየት ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። «አለቃዬ አዝዞኝ ነው» ማለትም አያድንም።

ይህ ክልከላ ያለ ገደብ ሊቆም የቻለው የሚጠይቀው መታቀብን ስለሆነ ነው። መንግሥት የተራበን ሁሉ በአንድ ቀን ማብላት ላይችል ይችላል። ማንንም አለማሰቃየት ግን ድሃም ሀብታምም መንግሥት፣ በሰላምም በጦርነትም፣ ዛሬውኑ የሚችለው ነገር ነው። አንዱን ባለማሰቃየቱ ሌላውን ለማሰቃየት የሚገደድበት ጊዜ የለም።

«የሰው ሕይወት የሚያድን ከሆነስ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አቃልለን ልናልፈው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍራንክፈርት ውስጥ የ11 ዓመት ልጅ ታገተ። ፖሊስ አጋቹን ይዞታል፤ ልጁ ያለበትን ግን አይናገርም። ምክትል የፖሊስ አዛዡ ከባድ ሕመም እንደሚደርስበት ተነግሮት እንዲያስፈራሩት አዘዘ። ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ተናገረ። ልጁ ግን ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር።

የጀርመን ፍርድ ቤት አዛዡን ጥፋተኛ ብሎ አስጠነቀቀው፤ የገንዘብ መቀጮውን ግን አገደለት። ጉዳዩ ጌፍገን በጀርመን ላይ በሚል ስም ለአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀረበ። ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2010 ማስፈራራቱ ማሰቃየት ለመባል ባይደርስም ኢሰብዓዊ አያያዝ ነው፣ የልጁን ሕይወት ለማዳን መታሰቡም አያጸድቀውም አለ። ቅጣቱም ሌላውን ፖሊስ የሚያስተምር ሆኖ አላገኘውም። ገዳዩ ግን ነፃ አልወጣም፤ በዛቻ የተገኘው ቃል ውድቅ ቢደረግም በችሎት በሰጠው አዲስ ቃል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

የአዛዡን ጭንቀት እረዳለሁ፤ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይረዳዋል። ፍርዱ ግን ትክክል ነበር እላለሁ። ያ አዛዥ ባዘዘበት ሰዓት ልጁ በሕይወት መኖሩን አያውቅም ነበር፤ መርማሪም ሁልጊዜ የሚወስነው እንዲህ ሳያውቅ ነው። ዛሬ ስለታገተ ልጅ ልዩ ሁኔታ ብንፈቅድ፣ ነገ የሚጠረጥረውም የሚያስፈራራውም ያው አንድ መርማሪ ነው። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ንጹሕ ከሆነ የሚናገረው እውነት ስለሌለው ሕመሙ እንዲቆም የፈለጉትን ይናገራል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ያለው ለዚህም ይበጃል፤ ቃሉ በችሎት ዋጋ ካጣ፣ አስገድዶ ማናገሩም ጥቅም ያጣል።

ክልከላው የሚጠበቀው ግን እስር ቤት ገብቶ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። አንቀጽ 93 ለዚህ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። ቦርዱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ያሳውቃል፣ የታሰሩበትንም ምክንያት ይገልጻል፤ የሚወሰደው እርምጃ ኢሰብዓዊ እንዳይሆን ይከታተላል፤ ኢሰብዓዊ ድርጊት የፈጸሙ ሁሉ ለፍርድ እንዲቀርቡም ያደርጋል። አዋጅ በታወጀ ቁጥር መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ዝርዝር ወጥቶ እንደሆነ ነው።